አንድ ዓመት በኪታ፦ በጀርመን ከሕፃናት ጋር እያገለገሉ ወዳጅ ማፍራት

ጀርመን ውስጥ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት በአጭሩ «ኪታ» ይባላል። ገና ዳዴ ከሚለው ሕፃን አንስቶ ትምህርት ቤት ለመግባት ቀን እስከሚቆጥረው የስድስት ዓመት ልጅ ድረስ እዚያ ይውላል። ከኦገስት 2013 ወዲህ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በሕግ የኪታ ቦታ ይገባዋል (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በነዚህ ቤቶች ከመምህራኑ ጎን ሆነው ፍራፍሬ የሚቆርጡ፣ ቦት ጫማ የሚያጠልቁ፣ አሸዋ ላይ ተንበርክከው የሚጫወቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ጀርመኖች ናቸው፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡም አሉ።

ይህን መንገድ የሚያስብ የአገራችን ወጣት አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቪዛና ስለ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ከባድ ናቸው። ከደረሱ በኋላ ዓመቱን የሚያከብደው ግን ብቸኝነት ነው። በሥራ ሰዓት ከሃያ ልጆች ጋር ሲንጫጩ ውሎ ማታ የሚያናግሩት ሰው ማጣት ያማል። እዚያ ወዳጅ የሚገኘው ተጫዋች በመሆን አይደለም። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር ደጋግሞ በመገኘት ነው። ልጆቹ እንዲህ ይላመዳሉ፤ ትልልቆቹም እንዲሁ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ እምነት የተነሡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ስትመርጡ ሰዎቹን ምረጡ

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ፍራይቪሊገስ ሶትሲያለስ ያር» የሚባለው የበጎ ፈቃድ ማኅበራዊ ዓመት ሲሆን ሕጉ የወጣው በ1964 ነው። ሁለተኛው «ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት» የተሰኘው የፌዴራሉ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። የግዴታ ውትድርና ቆሞ፣ በውትድርና ፈንታ በሆስፒታልና በአረጋውያን ቤት ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶችም ሲቀሩ፣ እነሱን ለመተካት ጁላይ 1 ቀን 2011 ተጀመረ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይወስዳሉ፤ ከስድስት ወር አያንሱም። የኪስ ገንዘብና የጤና መድን አላቸው። መኖሪያና ምግብ ግን እንደ ተቀባዩ ድርጅት ይለያያል። ከነዚህ ሌላ ከ2008 ጀምሮ ጀርመናውያን ወጣቶችን ወደ ውጭ ይልክ የነበረው «ቬልትቬርትስ» ከ2013 ወዲህ ከሌላው ዓለም ወጣቶችን ወደ ጀርመን ማምጣት ጀምሯል።

ደላላ እንዳይጫወትባችሁ። በፌዴራሉ አገልግሎት ውሉ የሚፈረመው በበጎ ፈቃደኛውና ኮሎኝ በሚገኘው የፌዴራል የቤተሰብና የሲቪል ማኅበረሰብ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት መካከል ነው። ኪታው ራሱ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሳያነጋግራችሁ «ይህን ያህል ክፈሉ፣ ውሉ ይመጣል» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

በቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። ከስንት ዓመት ልጆች ጋር ነው የምሠራው? የምኖረው ከማን ጋር ነው? በሥራ ቦታ የሚመራኝና ችግሬን የሚሰማኝ ማን ነው? ምርጫው በትልቅ ከተማ ውስጥ ለብቻ የሚኖሩበት ክፍልና በትንሽ ከተማ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር የሚጋሩት ቤት ከሆነ፣ ሁለተኛውን እንድትይዙ እመክራለሁ። በርሊንን በባቡር ሄዶ ማየት ይቻላል። ማታ ወጥ ቤት ውስጥ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» የሚል ሰው ግን በባቡር ተሂዶ አይገኝም።

የጊዜውንም ርዝመት አስቡበት። በሌሎች አገሮች ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሕፃናት ማሳደጊያ ገብተው ልጆች አቅፈው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚመለሱ «በጎ ፈቃደኞች» አሉ። ወላጅ ያጣ ልጅ በየወሩ አዲስ ሰው እየወደደ በየወሩ ይነጠቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከቱሪዝም ጋር የተያያዘው የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያደርሰውን ጉዳት አገሮች እንዲከላከሉ ጠይቋል። ኪታን የምመርጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ልጁ ማታ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ ቋሚ መምህራን አሉት፣ እናንተም ዓመቱን ሙሉ ትቆያላችሁ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ጨርሱ፣ የልጆቹን ጀርመንኛ ተማሩ

ወረቀቱን ቶሎ ጀምሩ። ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆኑን ያስረዳል፤ ስለዚህ ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት አሻራ ሰጥታችሁ ማስረጃውን አውጡ፣ አስተርጉሙ። ከማርች 2020 ወዲህ ደግሞ ከ1970 በኋላ የተወለደ የኪታ ሠራተኛ ሁሉ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ወይም በሽታውን የሚቋቋም መሆኑን በወረቀት ማሳየት አለበት። የክትባት ካርዳችሁ ከጠፋ ሁለቱን ክትባት ቀድማችሁ ውሰዱ።

ቋንቋውን ስድስት ኪሎ ባለው የጎተ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ቦታ ስትማሩ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጎን ለጎን የኪታውን ጀርመንኛ አጥኑ። መጽሐፉ በሆቴል ክፍል እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል። እናንተን የሚያስፈልጋችሁ ግን «ኮም» (ና)፣ «ቫርተ» (ጠብቅ)፣ «ሽቶፕ» (ቁም)፣ «ቱት ኤስ ቬ?» (ያምሃል?)፣ «ዛይግ ማል» (እስቲ አሳየኝ) ነው። የልብስ፣ የምግብ፣ የሰውነት ክፍልና የእንስሳት ስሞችን ጨምሩበት። በመቶ ቃል ውስጥ የአንድ ኪታ ጠዋት ተጠቅልሎ ይገባል።

አንድ መጽሐፍ ፈልጉና ደጋግማችሁ አንብቡ፦ «ዲ ክላይነ ራውፐ ኒመርዛት»፣ በልጅነቱ ሽቱትጋርት ያደገው ኤሪክ ካርል በ1969 ያወጣው የማትጠግበው አባጨጓሬ ታሪክ። የሳምንቱ ቀናት፣ ቁጥሮችና የፍራፍሬ ስሞች በተርታ ይገኙበታል። ብዙ የኪታ ልጅ በቃሉ ያውቀዋል፤ ስታነቡለት የረሳችሁትን ቃል እሱ ይሞላላችኋል።

ደረጃ 3፦ ልጁ እስኪመጣ ጠብቁ

ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው።

አዲስ ልጅ ኪታ ሲገባ እናቱ በር ላይ ጥላው አትሄድም። ብዙ ቤቶች «የበርሊን ማላመጃ» የሚባለውን ሥርዓት ይከተላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። መምህሯ ልጁን አትጎትተውም፣ አታቅፈውም። ትንሽ ራቅ ብላ ትጫወትና እሱ ራሱ እጁን እስኪዘረጋ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው አጭር መለያየት የሚሞከረው በአራተኛው ቀን ነው፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። ልጁ አልቅሶ መምህሯ ልታባብለው ካልቻለች ወላጁ ወዲያው ይጠራል። ሥርዓቱ የተመሠረተው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በጀመረው ጥናት ላይ ነው፦ ልጅ ዓለሙን ደፍሮ የሚመረምረው ዞሮ የሚመለስበት የታመነ ሰው ሲኖረው ነው።

ይህንኑ ሥርዓት ለራሳችሁ አድርጉት፤ እናንተም ለልጆቹ አዲስ ሰው ናችሁና። አገራችን ልጅ ሲታይ ጉንጩ ይሳማል፣ ብድግ ተደርጎ ይታቀፋል፤ ፍቅራችን እንደዚያ ነው የሚገለጸው። እዚያ ግን የማያውቀው ሰው ድንገት ያነሣው ልጅ ይደነግጣል፣ መምህራኑም ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ገብታችሁ ወለል ላይ ተቀመጡ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለሦስት ዓመት ልጅ ግድግዳ ነው። በየቀኑ አንድ ማዕዘን ያዙ። ከእንጨት ኩቦች አንድ ነገር መሥራት ጀምሩ፣ ማንንም አትጥሩ። ቀስ ብሎ አንዱ ይመጣና ኩብ ያቀብላችኋል። ሌላው መጥቶ ያፈርሰዋል። እንደገና ሥሩት። ያፈረሰው ልጅ ነገ አብሯችሁ ይሠራል።

ስማቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ያዙ። በመግቢያው ኮሪደር ላይ እያንዳንዱ ልጅ ኮቱን የሚሰቅልበት መስቀያ አለው፤ ከላዩ ስሙ፣ ብዙ ቦታም ፎቶው ወይም እንደ ዓሣና ጀልባ ያለ ምልክቱ ይለጠፋል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መስቀያዎቹን አንድ በአንድ እያያችሁ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ አጠራሩ ካስቸገራችሁ መምህሯን ጠይቁ። በማግስቱ በስሙ የተጠራ ልጅ ፊቱ ይበራል። በ«ሞርገንክራይስ»፣ ማለትም ልጆቹ ክብ ሠርተው በሚዘምሩበት የጠዋት ስብሰባ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ተቀመጡ። ከጊዜ በኋላ አጠገባችሁ ያለው ትራስ ያጣላቸዋል።

ሌላው የወዳጅነት ሰዓት ማንም የማይጠብቀው ነው፦ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚለበስበት ሰዓት። የጀርመን ልጅ በዝናብም በበረዶም ይወጣል። ጭቃ የማያስገባ ሱሪ፣ ቦት፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፤ ይህን ሁሉ ለሃያ ልጅ! ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት የምታወሩት ያኔ ብቻ ነው። ትናንት አያቱ ጋ ማደሩን፣ ውሻው መታመሙን የሚነግራችሁ ጫማውን ስታስሩለት ነው። አታፋጥኑት፤ ራሱ እንዲለብስም ጠብቁት። ጃኬቱን ወለል ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱ በኩል ቆሞ፣ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ አስገብቶ በራሱ ላይ የሚገለብጥበት ዘዴ አለ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ይችለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳካለት አጠገቡ ከሆናችሁ ያን ቀን ወዳጁ ናችሁ።

የተናገራችሁትንም አድርጉ። «ከምሳ በኋላ ኳስ እንጫወታለን» ካላችሁ ከምሳ በኋላ ኳስ ተጫወቱ። ትልቅ ሰው እንደዋዛ የጣለውን ቃል ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል።

ደረጃ 4፦ የራሳችሁን ጨዋታ ይዛችሁ ግቡ

ቋንቋው እስኪፈታ ድረስ የሚያወጣችሁ ጨዋታ ነው። በመሬት ላይ ካሬ ስላችሁ ሰኞ ማክሰኞ ጀምሩ፤ ጀርመን ልጆችም የራሳቸው አላቸውና ማብራራት ሳያስፈልግ ይሰለፋሉ። እቴሜቴን ለአምስት ዓመቶቹ አሳዩ፣ እጅ ለእጅ ማጨብጨቡን በአንድ ጠዋት ይለምዱታል። በድብብቆሽ ላይ «አኩኩሉ» ብላችሁ ጥሩ፤ በሳምንቱ ግቢው ሙሉ በአማርኛ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ዥዋዥዌ ስትገፉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ።

በመከር ወራት ልጆቹ ከየዛፉ ሥር «ካስታንየ» የሚሉትን ቡናማ ፍሬ ኪሳቸው እስኪቀደድ ይለቅማሉ። በባዶ የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ገበጣ አጫውቷቸው፤ ቁጥር ያስተምራል፣ ተራ መጠበቅንም። ይህን ግን ከትልልቆቹ ጋር ብቻ አድርጉት፤ ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ።

ከሁሉ የምወደው የፊደሉ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ሊገቡ የደረሱ ልጆች ስማቸውን መጻፍ ያንገበግባቸዋል። የእያንዳንዱን ስም በፊደል ጽፋችሁ ስጡት፤ በቀለም ይቀባውና መስቀያው ላይ ይለጥፈዋል፤ ማታ ለመውሰድ የመጣው አባቱ ቆሞ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነቱ የዕለት ተዕለት ነገር፣ በዓመት አንድ ቀን አገራችሁን በፎቶ ከምታስተዋውቁበት ዝግጅት ይበልጣል ባይ ነኝ። ዝግጅቱ ይቅር አልልም። ግን እናንተ የአህጉር ተወካይ ሆናችሁ ሳይሆን ኳስ የምትወድ፣ ዝናብ የማትወድ አንዲት ሰው ሆናችሁ ብትታወቁ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ወሰኑን እወቁ፣ ወሰናችሁንም አሳውቁ

ልጅ መሳም የለም። ማቀፍ ልጁ ሲፈልግ ነው። ዳይፐር ስለ መቀየርና መጸዳጃ ቤት ስለ ማስገባት ቤቱ ያወጣውን ሕግ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ከረሜላም ሆነ ዳቦ ቆርሳችሁ አታጉርሱ፤ ለውዝ ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ አለ፣ የእነሱ ስም ዝርዝር ወጥ ቤት ውስጥ ይለጠፋል። ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይነሣም። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ማውጣት ከነጭራሹ አይታሰብ። «ለናቴ ብቻ ልላክ» የሚለውም አይሠራም። ሥዕላቸውን ወይም የሠሩትን ግንብ አንሡ፤ እናት በዚያም ትደሰታለች።

ልጆች ስለ ቆዳችሁ ይጠይቃሉ። «ሲታጠብ ይለቃል?» ሊል ይችላል አራት ዓመት ያልሞላው። አትቆጡት፣ አትሸማቀቁ። «አይለቅም፤ አባቴም እናቴም እንዲህ ናቸው፤ አንተስ ማንን ትመስላለህ?» በሉት። ጥያቄው ይመለስለትና ወደ ጨዋታው ይሄዳል። ጸጉራችሁን መንካት ከፈለገና እናንተ ካልፈለጋችሁ «አይ፣ አልፈልግም» ማለት ትችላላችሁ፤ ኪታውም ልጆቹን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፣ ሰውነቴ የኔ ነው ማለትን። ከትልቅ ሰው የሚመጣ ንቀት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ዋጥ አድርጋችሁ አትለፉ። ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ለሚመራችሁ ሰው ንገሩ፤ እሱ ካልሰማ የላካችሁ ድርጅት ኃላፊነት አለበት።

ሌላም መብት አላችሁ። በጎ ፈቃደኛ ረዳት እንጂ የጎደለ ሠራተኛ ምትክ እንዳልሆነ ሕጉ ይደነግጋል። መምህር ስለታመመ አንድን ክፍል ሙሉ ለእናንተ ብቻ ጥለው ቢሄዱ፣ «ብቻዬን ኃላፊነቱን አልወስድም» በሉ።

ደረጃ 6፦ ይሉኝታን ከኪታው በር መልሱ

ከባልደረቦች ጋር የሚያጋጨን ነገር ብዙ ጊዜ ጨዋነታችን ነው። ያልገባንን ትእዛዝ «እሺ» ብለን እንቀበላለን፤ ደግመን ብንጠይቅ የተናቅን ወይም ያስቸገርን ይመስለናል። ጀርመናዊቷ መምህርት ግን «እሺ» ስትሏት ገብቷችኋል ብላ ትሄዳለች። ነገሩ የአንድ ልጅ መድኃኒት ወይም ማን መጥቶ እንደሚወስደው ከሆነ፣ ያ «እሺ» አደጋ ነው። «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለትን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ አድርጉት። ጠያቂ ሰው ይከበራል እንጂ አይናቅም።

እርማትም በግልጽ ይመጣል፦ «ይህን እንዲህ አታድርጊ፣ እንዲህ አድርጊ።» ፊት ላይ ፈገግታ ላይኖር ይችላል፣ ድምፁም ደረቅ ነው። ቁጣ ግን አይደለም፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያቺው ሴት ቡና ትቀዳላችኋለች። ከምትመራችሁ መምህርት ጋር በየሳምንቱ የተወሰነ ግማሽ ሰዓት ያዙ። ምን ጥሩ ነበር፣ ምን ይሻሻል፣ ምን ከበዳችሁ? በኮሪደር ላይ ከሚደረግ የአሥር ጊዜ «ሰላም ነው?» ይልቅ ይህ ቋሚ ቀጠሮ ያቀራርባችኋል።

ባልደረቦችና ልጆች እርስ በርሳቸው «ዱ» (አንተ፣ አንቺ) ይባባላሉ፤ ወላጆችን ግን እነሱ ራሳቸው እስኪፈቅዱ ድረስ «ዚ» (እርስዎ) በሏቸው። የልደት ቀናችሁ ሲደርስ ኬኩን የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ እንዲያመጡላችሁ አትጠብቁ። የሌላውን ልደት ከቀኑ በፊት «እንኳን አደረሰህ» አትበሉ፤ መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ስትታመሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደውሉ።

ለወላጆች ደግሞ ማታ በር ላይ ስለ ልጃቸው አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ስጧቸው። «ዛሬ ጃኬቱን ብቻውን ለበሰ» በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ርቆ የዋለ ወላጅ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይናፍቃል፤ ብዙ የእራት ግብዣ የተወለደው ከእሷ ነው።

ደረጃ 7፦ ከኪታው ውጭ አንድ ቋሚ ቀጠሮ ያዙ

አገልግሎቱ በዓመት ውስጥ 25 የሴሚናር ቀን አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሳምንት ተከፋፍሎ፣ በአንድ የወጣቶች ማረፊያ አብሮ በማደር። ብዙዎቹ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የወጡ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። እነሱም ከቤት የወጡት ገና ነው፣ እነሱም ሰው ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሴሚናር ማታ ወደ ክፍላችሁ ገብታችሁ ስልክ ላይ አትተኙ። ወጥ ቤት ግቡ፣ ሽንኩርት ክተፉ፣ ሽሮ አብስሉ። በመጨረሻው ቀን ከመለያየታችሁ በፊት ከሁለት ሰዎች ጋር የሚቀጥለውን መገናኛ ቀን ቆርጣችሁ ተለያዩ።

ከዚያ ውጭ ጀርመን አገር ሰው የሚገናኘው በ«ፌራይን»፣ በማኅበር ነው። በአገሪቱ ከ600,000 በላይ የተመዘገቡ ማኅበራት አሉ፦ የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስ፣ የመዘምራን፣ የተራራ ጉዞ፣ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ተከላካይ። ብዙዎቹ ለአዲስ ሰው ነፃ የሙከራ ቀን ይሰጣሉ። አንዱን ምረጡና በየሳምንቱ ሳታቋርጡ ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰላምታ በቀር ማንም ላያናግራችሁ ይችላል። አትፍረዱባቸው፤ ትመለሱ እንደሆነ እያዩ ነው። ሁለት ወር የቆየ ሰው «እኛ» ውስጥ ይገባል። ከልምምድ በኋላ ቁጭ የሚሉበት ሰዓት አለ፣ ያን ሰዓት አትዝለሉት። መጠጥ ባትጠጡም ውሃ ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ሰው ለቡና ስትጋብዙት ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያ ካየ በኋላ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ» ቢል እምቢ ማለቱ አይደለም። ጽፎታል፤ ይመጣል፤ ያውም በሰዓቱ። እናንተም ጻፉት። ጀበናችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደስ ይላል፣ ግን ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ቁሉ፣ ዕጣኑንም እዚያው አጭሱ። በየመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የጭስ ማንቂያ አለ፤ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ይነቃል።

ስለ አገር ሰውም ልበል። ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ በርሊንና ሙኒክ ኢትዮጵያውያን የሚሰባሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት አሉ። አንዳንዱ «ቋንቋዬን ያበላሽብኛል» ብሎ ይሸሻቸዋል፣ ሌላው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከነሱ አይወጣም። በወር አንድ ጊዜ በአማርኛ ማዘን፣ መሳቅና ማስቀደስ ለሰው ጤና ነው። የየሳምንቱ ቅዳሜ ግን ለአዲሱ ጓደኛ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ለኖቬምበር አስቀድማችሁ ተዘጋጁ

ክረምቱ ሲገባ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በዲሴምበር በእኛ ሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ጨለማው ከናፍቆት ጋር ሲገናኝ ሰው ይሰብራል። ስለዚህ ሳይጨልም እያንዳንዱን እሑድ አንድ ነገር ስጡት፦ ከአንድ ሰው ጋር የእግር ጉዞ፣ የማኅበራችሁ ጨዋታ፣ ወደ ቤት የምትደውሉበት የተወሰነ ሰዓት። ሥራ ላይ ደግሞ ልጆቹ ሲወጡ በፈቃዳችሁ ውጡ፤ የቀኑን ብርሃን የምታገኙት ከነሱ ጋር ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካሏችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የጤና መድናችሁ ይሸፍናል።

ያው ኖቬምበር ደግሞ የኪታውን ትልቁን ደስታ ይዞ ይመጣል። ኖቬምበር 11 የቅዱስ ማርቲን ቀን ነው፤ ካባውን በሰይፍ ከፍሎ ግማሹን ለበረደው ለማኝ የሰጠው፣ በኋላም የቱር ጳጳስ የሆነው የሮማ ወታደር መታሰቢያ። ልጆቹ ለሳምንታት ከወረቀት ፋኖስ ይሠራሉ። ማታ ፋኖሳቸውን በእንጨት አንጠልጥለው እየዘመሩ በሰፈሩ ይዞራሉ፤ በብዙ ቦታ ፈረሰኛ ከፊት ይመራል፣ በራይን አካባቢ በሰው ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ ይታደላል፣ ልጆችም ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ። ቡሄ ጨፍሮ ሙልሙል ለተቀበለ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። የእናንተንም ፋኖስ ሥሩ፣ ዘፈኖቹን ቀድማችሁ ተማሩ፣ ስለ ችቦውና ስለ ጅራፉ ለልጆቹ ንገሯቸው። በዚያ ምሽት ወላጆች፣ መምህራንና ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ላይ ናቸው፤ ትኩስ መጠጥ ይዘው ይቆማሉ፣ ለማውራትም ጊዜ አላቸው። በዓመቱ ውስጥ ከሰው ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ምሽት አላውቅም።

ደረጃ 9፦ ስትሄዱ በሥርዓት ሂዱ

ልጅ የሚጎዳው በመሄዳችሁ ሳይሆን ሳይነገረው በመጥፋታችሁ ነው። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲቀራችሁ ከመምህሯ ጋር ተመካክራችሁ በሞርገንክራይስ ላይ ንገሯቸው። የቀሩትን ቀናት በግድግዳ ላይ በሥዕል አሳዩአቸውና በየቀኑ አንድ እንዲቆርጡ አድርጉ። «እመለሳለሁ» አትበሉ፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ። «ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ» በቂ ነው፤ ደብዳቤውም ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ ይላክ።

በብዙ ኪታ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆችን መምህራኑ እጅና እግራቸውን ይዘው እያወዛወዙ ከበሩ ውጭ ወደ ተዘረጋ ፍራሽ «ይጥሏቸዋል»። ሳቁ ሰፈር ያናውጣል፣ እናቶች ያለቅሳሉ። እናንተንም ሊጥሏችሁ ይችላሉ፤ እሺ በሉ።

ከትልልቆቹ ጓደኞች ጋር የሚቀጥለውን ጥሪ ቀን ከመሄዳችሁ በፊት ቁረጡ፤ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከሁለቱም አገር ሰዓት ጋር ተመሳክሮ። የባንክ ሂሳባችሁን፣ የስልክ ውላችሁንና የነዋሪነት ምዝገባችሁን ዝጉ። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት በሕግ ስለሚገባችሁ፣ ያከናወናችሁትን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ አድርገው እንዲጽፉላችሁ የመጨረሻው ወር ሳይገባ ጠይቁ፤ ኃላፊዋ ዕረፍት ከወጣች በኋላ ፈራሚ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።